ካምቢዮው ከመውረዱ በፊት

‹‹ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ›› የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌ ለሸንጎና ለሙግት ብቻ የተነገረ አይደለም። በዛሬው ጊዜ መኪና ለያዘ ሰው ሁሉ፣ ይልቁንም ከወር ደመወዙ እየቆጠበ አንዲት አሮጌ አውቶሞቢል ለገዛ ወጣት ሠራተኛ፣ ከዚህ የሚበልጥ ምክር አይገኝም። አንድ ቀን በመንገድ ላይ ሳለ በዳሽቦርዱ ላይ አንዲት ትንሽ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ትጀምራለች። ባለመኪናው ይደነግጣል፤ ወደ ጋራዥም ይሮጣል። አንዳንድ ጊዜ አንድ ሽቦ ሳይነካ፣ አንድ ፊውዝ ሳይታይ ‹‹ካምቢዮው አልቋል፤ መውረድ አለበት›› የሚል ፍርድ በአንድ አፍታ ይሰጠዋል። ካምቢዮው ይወርዳል፤ ያገለገለ ሌላ ካምቢዮ ከመርካቶ ሱማሌ ተራ ተፈልጎ ይገጠማል፤ ለብዙ ወራት የተጠራቀመው ገንዘብ በጥቂት ቀናት ውስጥ ያልቃል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ያቺው መብራት እንደ ገና ብልጭ ድርግም የምትልበት ጊዜ አለ፤ ጥፋቱ ከመጀመሪያውም በካምቢዮው ብረት ላይ ሳይሆን፣ ወደ ካምቢዮው በሚሄድ በአንድ ቀጭን ሽቦ ላይ ነበርና።

በዚህ ጽሑፍ ለአንባቢዎቻችን ልናስረዳ የምንፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም የማስጠንቀቂያ መብራት ምስክር እንጂ ዳኛ አለመሆኑን ነው። ምስክር ያየውን ይናገራል፤ ፍርድ የሚሰጠው ግን ቃሉን ተቀብሎ፣ ነገሩን በየተራው መርምሮ የለየ ሰው ነው። መብራቷ ‹‹በዚህ በኩል አንድ ነገር ጎድሏል፤ እዩት›› ትላለች እንጂ ‹‹ይህን ዕቃ ጣሉና ሌላ ግዙ›› አትልም።

ነገሩ ዛሬ ከወትሮው ይልቅ የሚያሳስብበት ምክንያት አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አገልግለው ወደ አገር በሚገቡ መኪናዎች ላይ ከባድ ቀረጥ ጥሏል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ፣ በምትካቸውም የኤሌክትሪክ መኪናዎች እንዲገቡ መወሰኑ ከመንግሥት በኩል ተገልጿል። ስለዚህ በአገራችን መንገዶች ላይ የሚመላለሱት የቤንዚን መኪናዎች ዕድሜያቸው እየገፋ መሄዱ የማይቀር ነው። ሰው ሲያረጅ ዓይኑና ጉልበቱ እኩል እንደማይደክሙ ሁሉ፣ መኪናም ሲያረጅ ብረቱ ገና ጤነኛ ሆኖ ሳለ ሽቦውና ሶኬቱ አስቀድመው ሊደክሙ ይችላሉ። የትኛው እንደ ደከመ ሳይለዩ ለጥገና መነሣት በጨለማ መርፌ እንደ መፈለግ ያለ ድካም ነው።

ዘይት፣ ብረትና ኤሌክትሪክ

በማንዋል መኪና ሾፌሩ ፍሪሲዮን እየረገጠ ማርሹን በእጁ ይለውጣል። በአውቶማቲክ መኪና ግን ይህን ሥራ የሚሠራው ካምቢዮው ራሱ ነው። ጄኔራል ሞተርስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ‹‹ሃይድራ-ማቲክ›› ያለውን አውቶማቲክ ካምቢዮ እ.ኤ.አ. በ1940 ሞዴል ኦልድስሞቢል መኪናዎች ላይ ገጥሞ ለገበያ ባቀረበ ጊዜ፣ ማርሹ የሚለወጥበትን ሰዓት የሚወስነው በካምቢዮው ውስጥ የሚዘዋወረው የዘይት ግፊት ነበር። በዚያን ጊዜ ኤሌክትሪክ በዚህ ጉዳይ እጁን አላስገባም።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ዓመታት ግን ይህን ሥራ በኮምፒውተር ማሠራት እየተስፋፋ ሄደ። ኮምፒውተሩ ዘወትር ሦስት ነገሮችን ይጠይቃል። መኪናው በምን ፍጥነት ይሄዳል? ቤንዚን መስጫው ምን ያህል ተረግጧል? የማርሹ ዘንግ በየትኛው ፊደል ላይ ቆሟል? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚያመጡለት ሴንሰር የሚባሉት ትናንሽ መሣሪያዎች ናቸው። መልሱን ከተቀበለ በኋላ ሶሌኖይድ ወደሚባሉት፣ በኤሌክትሪክ ወደሚከፈቱና ወደሚዘጉ የዘይት በሮች ትእዛዝ ይልካል። በሩ ሲከፈት ዘይቱ ይገፋል፤ ዘይቱ ሲገፋ ብረቱ ይያያዛል፤ ማርሹም ይለወጣል።

እንግዲህ በካምቢዮው ውስጥ ሦስት ሠራተኞች አሉ ማለት ነው። ኤሌክትሪክ ያዛል፤ ዘይት ይገፋል፤ ብረት ይሸከማል። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል በመሪው ላይ ለተቀመጠው ሰው የሚታየው ነገር ተመሳሳይ ነው። መኪናው አልሄድ ይላል፤ ወይም ማርሽ ሲለውጥ ይመታል፤ ወይም በአንድ ማርሽ ላይ ብቻ ተይዞ ይቀራል። ሦስተኛው ሠራተኛ፣ ማለት ብረቱ፣ ዋጋው ከሁሉ የከበደ ነው፤ ዳሩ ግን ችኩል ሰው ምርመራውን የሚጀምረው ከእርሱ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደ ተባለው፣ ኪሳራው የሚመጣው ከዚህ ላይ ነው።

ኮምፒውተሩ ከሴንሰሮቹ ወይም ከሶሌኖይዶቹ አንዱ መልስ እንዳልሰጠው ባወቀ ጊዜ ሁለት ነገር ያደርጋል። አንደኛ መብራቷን ያበራል። ሁለተኛ ካምቢዮውን ከባሰ ጉዳት ለመጠበቅ ትእዛዙን ይቀንሳል፤ በብዙ መኪናዎች ላይም ካምቢዮው በአንድ ማርሽ፣ አብዛኛውን ጊዜ በሦስተኛው፣ ብቻ እንዲሄድ ያደርገዋል። ባለመኪናው ‹‹ኃይል አጣ፤ ዳገት አልወጣ አለ›› የሚለው በዚህ ጊዜ ነው። ይህ ግን ሁልጊዜ የካምቢዮው ሞት አይደለም፤ ባለቤቱ ቀስ ብሎ ከቤቱ ወይም ከጋራዥ እንዲደርስ የተሰጠው ጊዜ ነው።

የበራችውና ብልጭ ድርግም የምትለው

ለምሳሌ ያህል በአገራችን የተለመደውን ቶዮታ እንውሰድ። በብዙዎቹ ባለ አራት ማርሽ አውቶማቲክ ቶዮታዎች ዳሽቦርድ ላይ ‹‹ኦ/ዲ ኦፍ›› የሚል መብራት ይገኛል። በማርሹ ዘንግ ጎን ያለው ቁልፍ ሲጫን አራተኛው ማርሽ ይታገዳል፤ መብራቷም ሳትርገበገብ ትበራለች። ይህ ብልሽት አይደለም። ሾፌሩ በቁልቁለት ላይ ሞተሩ መኪናውን እንዲይዝለት ሲፈልግ የሚጠቀምበት ነው። ነገር ግን እጁ ሳያስበው ቁልፉን የነካ ሰው፣ በረጅም መንገድ ላይ አራተኛ ማርሽ አጥቶ፣ ሞተሩ እየጮኸና ቤንዚን እየፈጀ ሊሄድ ይችላል። መድኃኒቱ ቁልፉን እንደ ገና መጫን ብቻ ነው፤ አንድ ሳንቲም አያስወጣም።

መብራቷ ብልጭ ድርግም ስትል ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያን ጊዜ ኮምፒውተሩ ከካምቢዮው የኤሌክትሪክ መስመር አንዱ እንደ ጎደለበት እየተናገረ ነው። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በተሠሩ ብዙ የሆንዳ መኪናዎች ላይ ደግሞ ይህንኑ ነገር የምትናገረው ‹‹ዲ-4›› የምትባለው መብራት ናት። በአንዳንድ ላንድክሩዘርና ፕራዶ መኪናዎች ላይ የካምቢዮው ዘይት ከመጠን በላይ መሞቁን የሚያመለክት መብራት ይገኛል፤ እርስዋ ስትበራ ከመንገድ ወጥቶ መቆም፣ ዘንጉን በ‹‹ፒ›› ላይ አድርጎ፣ ሞተሩን ሳያጠፉ መብራቷ እስክትጠፋ ድረስ መታገሥ ይገባል።

ምስክሩን እንዴት እንስማ?

ኮምፒውተሩ የጎደለውን ነገር በቁጥር መዝግቦ ይይዛል። ብዙ ሰዎች መብራት ሲያዩ መጀመሪያ የሚያደርጉት የባትሪውን ገመድ መፍታት ነው። መብራቷ ትጠፋለች፤ እነርሱም ዳነ ብለው ይደሰታሉ። ነገር ግን በዚህ ሥራ የጠፋው ብልሽቱ ሳይሆን መዝገቡ ነው። ምስክሩ ቃሉን ሳይሰጥ ከችሎት እንደ ማስወጣት ያለ ነውና፣ ቁጥሩ ተነብቦ በወረቀት ላይ ሳይጻፍ ባትሪ አይፈታ።

እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጨረሻ እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ በተሠሩ ብዙ ቶዮታዎች ላይ ቁጥሩን ለማንበብ ምንም ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ኮፈኑ ሲከፈት ‹‹ዲያግኖሲስ›› የሚል ጽሑፍ ያለባት ትንሽ ሣጥን ትገኛለች። የክዳኑ ውስጥ የቀዳዳዎቹን ስም ያሳያል። ‹‹ቲ.ኢ.1›› እና ‹‹ኢ.1›› የተባሉት ሁለት ቀዳዳዎች በአንድ ቁራጭ ሽቦ ይገናኛሉ። የኦ/ዲ ቁልፍ አራተኛውን ማርሽ በሚፈቅድበት በኩል ይደረጋል፤ ሞተሩ ሳይነሣ ቁልፉ ይዞራል፤ ከዚያም መብራቷን መቁጠር ነው። ያለማቋረጥ በሴኮንድ ሁለት ጊዜ ብልጭ ካለች የተመዘገበ ጥፋት የለም። አራት ጊዜ ብልጭ ብላ ጥቂት አረፍ ካለች በኋላ ሁለት ጊዜ ብልጭ ካለች ግን 42 ማለትዋ ነው። ሽቦውን በሌላ ቀዳዳ ማስገባት ጉዳት ስለሚያመጣ፣ ያልለመደ ሰው ብቻውን ባይሞክረው ይሻላል።

የቁጥሮቹ ትርጉም እንደሚከተለው ነው። 42 የመጀመሪያውን የፍጥነት ሴንሰር፣ 61 በካምቢዮው ላይ ያለውን ሁለተኛውን የፍጥነት ሴንሰር፣ 62 አንደኛውን ሶሌኖይድ፣ 63 ሁለተኛውን፣ 64 ደግሞ ሦስተኛውን ሶሌኖይድ ያመለክታሉ።

ከዚያ ወዲህ ለተሠሩት መኪናዎች አንድ ወጥ ደንብ ወጣ። በአሜሪካ ከ1996 ሞዴል ጀምሮ፣ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ደግሞ ለቤንዚን መኪናዎች ከ2001 ጀምሮ (ሁለቱም እ.ኤ.አ. ነው) ከመሪው በታች አካባቢ ባለ 16 ቀዳዳ ሶኬት እንዲኖር ተደረገ። በዚህ ሶኬት ላይ የሚሰካ ትንሽ ማንበቢያ ዛሬ በስልክ ጭምር ይሠራል። በዚህ ደንብ መሠረት ‹‹ፒ 07›› ብለው የሚጀምሩት ቁጥሮች የካምቢዮው ናቸው። ከእነዚህም ‹‹ፒ 0700›› ብዙ ሰው የሚያስደነግጥ ሲሆን፣ ትርጉሙ ግን ‹‹የካምቢዮው ኮምፒውተር የሚናገረው አለው፤ እርሱን ጠይቁት›› ማለት ብቻ ነው። ይህን አንድ ቁጥር አይቶ ካምቢዮ ያወረደ ሰው፣ የፖስታውን አድራሻ አንብቦ ደብዳቤውን ሳይከፍት መልስ የጻፈ ሰው ይመስላል።

እዚህ ላይ ከሁሉ የሚበልጠውን ቁም ነገር ሳናነሣ አናልፍም። ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ዕቃው ብቻ ሳይሆን ስለ መስመሩ ሁሉ ነው። 62 ማለት ‹‹አንደኛው ሶሌኖይድ ሞቷል›› ማለት ሳይሆን፣ ‹‹ወደ አንደኛው ሶሌኖይድ በሚሄደው መንገድ ላይ የሚጠበቀው ኤሌክትሪክ አልተገኘም›› ማለት ነው። በዚያ መንገድ ላይ ሽቦ አለ፤ ሶኬት አለ፤ ሶሌኖይዱ ራሱ አለ፤ ኮምፒውተሩም አለ። ከአራቱ የትኛው እንደ ሆነ የሚለየው በመለካት ብቻ ነው።

ከርካሹ ወደ ውዱ

ቁጥሩ ከተጻፈ በኋላ ምርመራው ከቀላሉ ወደ ከባዱ ይሄዳል። የመጀመሪያው ባትሪ ነው። መኪናው ጥቂት ሰዓት ከቆመ በኋላ በቴስተር ሲለካ ሙሉ ባትሪ ወደ 12.6 ቮልት ያሳያል፤ ወደ 12 ቮልት ከወረደ አብዛኛው ኃይሉ አልቋል። ሞተሩ ሲሠራ ደግሞ ዲናሞው ጤነኛ ከሆነ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ገደማ መታየት አለበት። ዲናሞው ከደከመ ወይም የሚያዞረው ቺንጊያ ከላላ ኮምፒውተሩም ሶሌኖይዶቹም የሚበቃቸውን አያገኙም፤ ያን ጊዜ ያልታመመው ካምቢዮ የታመመ ይመስላል። በአንድ ጊዜ ሁለትና ሦስት የማይገናኙ መብራቶች በዳሽቦርዱ ላይ ሲበሩ ከሁሉ በፊት ባትሪውንና ዲናሞውን መጠርጠር ይገባል።

ሁለተኛው የግራውንድ ገመድ ነው። ኤሌክትሪክ ከባትሪው ወጥቶ ሥራውን ከሠራ በኋላ በመኪናው አካል በኩል ወደ ባትሪው ይመለሳል። ይህ መመለሻ ገመድ በብሎን ከሞተሩና ከአካሉ ጋር የታሰረ ሲሆን፣ በዕድሜ ብዛት ይዝጋል፤ ይላላል። ሞተሩ እየሠራ፣ መብራቶቹም በርተው ሳለ፣ የቴስተሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን በካምቢዮው ብረት ላይ ቢያደርጉ የሚታየው ከ0.2 ቮልት እምብዛም መብለጥ የለበትም። ከበለጠ ገመዱን ፈትቶ፣ ብረቱን በብርጭቆ ወረቀት አጥርቶ፣ መልሶ ማጥበቅ ነው። ይህ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው።

ሦስተኛው ፊውዝ ነው። ፊውዝ ከተቃጠለ በዚያው መጠን መለወጥ አለበት። በተለመዱት ጠፍጣፋ ፊውዞች ቀዩ 10፣ ሰማያዊው 15፣ ቢጫው 20፣ አረንጓዴው 30 አምፔር ነው። በ10 ቦታ 30 ወይም የሲጋራ ወረቀት ብልጭልጭ የሚያስገባ ሰው ፊውዙ እንዳይቃጠል አድርጎ ሽቦው እንዲቃጠል ፈቀደ ማለት ነው፤ ከዚያም የሚከተለው የእሳት አደጋ ነው።

አራተኛው የካምቢዮው ዘይት ነው። በብዙ ቶዮታዎች መኪናው በሜዳ ላይ ቆሞ፣ ሞተሩ ሞቆና እየሠራ፣ ዘንጉ በሁሉም ፊደሎች ላይ አልፎ ወደ ‹‹ፒ›› ከተመለሰ በኋላ በመለኪያው ዘንግ ይታያል። በሆንዳ ግን ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ጠፍቶ ወዲያውኑ ነው የሚለካው። ስለዚህ የየመኪናውን መጽሐፍ ማየት ይገባል። አዲስ ዘይት አብዛኛውን ጊዜ ቀይ ነው። ጠቁሮ የተቃጠለ ሽታ ካመጣ በውስጥ ያሉት የግጭት ሸማኔዎች መቃጠላቸውን ያመለክታል። ወተት የተቀላቀለበት መስሎ ከታየ ከራዲያተሩ ውሃ ገብቶበታልና መኪናውን መንዳት ማቆም ያስፈልጋል።

አምስተኛው ሽቦና ሶኬት ነው። ለምሳሌ አንድ ኮሮላ 61 የሚል ቁጥር ሰጠ እንበል። ችኩል ሰው ሴንሰር ይገዛል፤ ከእርሱ የባሰው ካምቢዮ ያወርዳል። አስተዋይ ሰው ግን መኪናውን በሚገባ አንሥቶና አስደግፎ ከሥር ይገባል፤ የሴንሰሩን ሶኬት ነቅሎ በውስጡ ውሃ፣ ዘይት ወይም የመዳብ አረንጓዴ ዝገት መኖሩን ያያል። ከዚያ በቴስተር ከሶኬቱ እስከ ኮምፒውተሩ ድረስ ሽቦው መያያዙን ይለካል። ሽቦውን በእጁ እያንቀሳቀሰ ሲለካ ንባቡ አንዴ እየታየ አንዴ እየጠፋ ከሆነ፣ መሰበሩ ከልባሱ ውስጥ ነው። ምናልባትም ሽቦው ከጭስ መውጫው አጠገብ ተጠግቶ ላስቲኩ ቀልጧል፤ ወይም አይጥ በልቶታል። ሽቦውን በቆርቆሮ መበየድ፣ በሚገባ መጠቅለል፣ ከሙቀቱም ማራቅ ብቻ ይበቃል። ሴንሰሩም ካምቢዮውም ጤነኞች ነበሩ።

ሶሌኖይድም ቢሆን ይለካል። በብዙ የቶዮታ ካምቢዮዎች ማርሽ የሚለውጡት ሶሌኖይዶች ከ11 እስከ 15 ኦም ያሳያሉ። ቴስተሩ ምንም መያያዝ ካላሳየ በውስጡ ተበጥሷል፤ ወደ ዜሮ ከቀረበ ሽቦው እርስ በርሱ ተነካክቷል። ንባቡ ትክክል ሆኖ ሳለም በቆሻሻ ተይዞ አልከፈት ያለ ሶሌኖይድ ይኖራል። ያም ሆነ ይህ በአያሌ መኪናዎች ላይ ሶሌኖይድ የሚለወጠው ከሥር ያለውን የዘይት መያዣ በመፍታት ነው እንጂ ካምቢዮውን በሙሉ በማውረድ አይደለም።

ካምቢዮ የሚመስሉ፣ ካምቢዮ ያልሆኑ

መብራት ሳይኖርም ካምቢዮው በሐሰት የሚከሰስበት ጊዜ አለ። ከእነዚህ አንዱ የማርሹ ዘንግ ከ‹‹ፒ›› አልወጣ ሲል ነው። በብዙ መኪናዎች ሾፌሩ ፍሬን ካልረገጠ ዘንጉ እንዳይንቀሳቀስ የሚይዝ ቁልፍ አለ። ይህ ቁልፍ ፍሬን መረገጡን የሚያውቀው ከፍሬን መብራቱ ማብሪያ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ከኋላ ቆሞ የፍሬኑ መብራት መብራቱን ይይ። ካልበራ ጥፋቱ የፍሬን መብራት ፊውዝ ወይም ከፔዳሉ በላይ ያለችው ማብሪያ መሆኑ የሚያመዝን ነው፤ ካምቢዮው በዚህ ነገር የለበትም።

ሌላው ሞተሩ በ‹‹ፒ›› አልነሣ ብሎ በ‹‹ኤን›› የሚነሣበት ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ሞተሪኖውን ከመፍታት በፊት ዘንጉ የት እንደ ቆመ ለኮምፒውተሩ የሚነግረውን ማብሪያ ማየት ያስፈልጋል። የኋሊት ማርሽ መብራትም አብሮ ከጠፋ ጥርጣሬው ይጠነክራል። እንዲሁም ሌሊት ባትሪ የሚያልቅበት መኪና አለ። ሁሉ ነገር ጠፍቶ፣ ኮምፒውተሮቹም ካረፉ በኋላ ከባትሪው የሚወጣው ከ50 ሚሊአምፔር ባይበልጥ መልካም ነው። ግማሽ አምፔር የሚፈስ ከሆነ ግን ባለ 60 አምፔር-ሰዓት ባትሪ በአምስት ቀን ውስጥ ባዶ ይሆናል፤ ሞተር ማስነሣት የሚያቅተው ደግሞ ከዚያም ቀደም ብሎ ነው። ፊውዞቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ ፍሰቱ የሚቀንስበትን ማየት ሌባውን ያስይዛል።

ፈጽሞ የማይገቡ ነገሮች

ሞተሩ እየሠራ የባትሪ ገመድ መፍታት የቀድሞ ሾፌሮች ዲናሞ የሚፈትኑበት ልማድ ነበር። ኮምፒውተር ባለው መኪና ላይ ግን ድንገት የሚነሣው ቮልት ኮምፒውተሩን ሊያቃጥል ይችላልና ፈጽሞ አይደረግ። የቀድሞው አምፖል ያለበት መፈተሻ በኮምፒውተሩ ሽቦዎች ላይ አይነካ፤ የሚስበው ኤሌክትሪክ ይበዛባቸዋል። ባትሪው ያለቀበትን አውቶማቲክ መኪና ገፍቶ ለማስነሣት መድከምም ከንቱ ነው፤ በአብዛኞቹ ዘይቱን የሚገፋው ፓምፕ የሚዞረው በሞተሩ ነውና። በገመድ ለመጎተት ግድ ከሆነም ኃይል የሚቀበሉት ጎማዎች ከመሬት መነሣት አለባቸው።

መኪና ለመግዛት ለሚያስቡ ወጣቶችም አንድ ቃል እንጨምር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ በገበያ ላይ ግን የመኪናውን በሽታ ለመደበቅ መብራቷን የሚነቅል ሻጭ አይጠፋም። ስለዚህ ሞተሩን ሳያስነሡ ቁልፉን አዙረው ዳሽቦርዱን ይመልከቱ። የሞተሩ፣ የዘይቱና የባትሪው ማስጠንቀቂያዎች በመጀመሪያ መብራት፣ ሞተሩ ሲነሣም መጥፋት አለባቸው። የኦ/ዲውን ቁልፍ ሲጫኑ መብራቷ የማትበራ ከሆነ፣ አምፖሏ ለምን እንደ ጠፋ ሻጩን ይጠይቁት። ምንም መብራት የማያሳይ ዳሽቦርድ ሁሉ ጤነኛ አይደለም፤ አፉ የታሰረ ሊሆን ይችላልና።

ባለመኪናው በጋራዥ ውስጥ

ይህን ሁሉ የጻፍነው ወጣቱ ባለመኪና ቴስተር ይዞ ራሱ መካኒክ እንዲሆን አይደለም። በአገራችን ጋራዦች ውስጥ ጆሮአቸውን ከሞተር ላይ አድርገው በሽታውን የሚያውቁ፣ በእጃቸው ጥበብ የሚያድሩ ብዙ መካኒኮች አሉ። ካምቢዮም በእውነት የሚሞትበት ጊዜ አለ። ዘይቱ ከተቃጠለ፣ በዘይት መያዣው ውስጥ የብረት ስብርባሪ ከተገኘ፣ የኤሌክትሪኩ መስመር ሁሉ ተለክቶ ትክክል ሆኖ ሳለ ሞተሩ እየጮኸ መኪናው ካልተንቀሳቀሰ፣ ካምቢዮው መውረድ ይገባዋል። ያን ጊዜ መካኒኩን መከራከር ገንዘብን ማዳን ሳይሆን ማባከን ይሆናል።

የባለመኪናው ድርሻ መጠየቅ ነው። ‹‹የተመዘገበው ቁጥር ስንት ነው? ባትሪውና ዲናሞው ስንት ቮልት አሳዩ? የግራውንዱ ገመድ ታይቷል? ሶሌኖይዱ ስንት ኦም ሆነ? የዘይቱ መልክና ሽታ እንዴት ነው?›› ብሎ በትሕትና ይጠይቅ፤ መልሱንም በማስታወሻው ላይ ይጻፍ። ሥራውን የሚያውቅ መካኒክ በዚህ ጥያቄ አይቆጣም፤ ይልቁንም ደስ ይለዋል፤ የለካውን የሚቆጥርለት ሰው አግኝቷልና። የሚቆጣ ካለ ግን ሳይለካ ፈርዶ እንደ ሆነ መገመት ይቻላል። መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ እንዲሉ፣ አምስት ጥያቄ የጠየቀ ሰው የብዙ ወር ቁጠባውን በአንዲት ቀጭን ሽቦ ምክንያት ከመክፈል ይድናል።

እንግዲህ ነገ ጧት ወደ ሥራ ሲሄዱ ያቺ ትንሽ መብራት ብልጭ ድርግም ብትል፣ አንባቢያችን አይደንግጡ። መኪናውን በዝግታ ከመንገድ ዳር ያቁሙ፤ ምን ሲያደርጉ እንደ ጀመረችና መኪናው ምን እንደ ተሰማው ወዲያውኑ ይጻፉ። ከዚያ ባትሪውን ሳይፈቱ ወደ ጋራዥ ይውሰዱት፤ ጽሑፉንም ለመካኒኩ ያሳዩት። ምርመራው የሚጀምረው ከዚያች ወረቀት ነው።